ዳይቱ ካለቀ በኋላ፦ ለአንባብያን ጥያቄዎች መልስ

ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ዳርቻ የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። ስለ መክሳት የሚመክር ሞልቷል፤ ከከሱ በኋላ ግን ሰው ብቻውን ይቀራል። ይህ ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ በ5 ወር 12 ኪሎ ቀንሼ ነበር። ዳይቱን ባቆምኩ በ2 ሳምንት ውስጥ 2 ኪሎ ጨመርኩ። ልፋቴ ከንቱ ቀረ? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ አልቀረም። ከዚያ 2 ኪሎ አብዛኛው ውሃ ሳይሆን አይቀርም። እንጀራና ዳቦ ሲቀነስ በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ግላይኮጅን የሚባል ስኳር ይጎድላል። አንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ውሃውም አብሮ ይወጣል፤ መብላት ሲጀመር ሁለቱም ይመለሳሉ።

ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚመጣውን ጭማሪ ግን አይናቁት። የከሳ ሰውነት የሚያቃጥለው ጉልበት ያንሳል፣ ረሀብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለ ሆርሞንም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ይህ ለውጥ ከአንድ ዓመት በኋላም እንዳልጠፋ አሳይቷል። በአሜሪካ የቴሌቪዥን የክብደት ቅነሳ ውድድር ላይ የነበሩ 14 ሰዎች ከ6 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ ደግሞ ሰውነታቸው ከሚጠበቀው በቀን 500 ያህል ካሎሪ ያነሰ ያቃጥል ነበር። እንግዲህ ረሀብዎ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ እባክዎ ራስዎን አይውቀሱ።

ዳይቱን በአንድ ቀን አይጣሉት። በዚህ ሳምንት ምሳ ላይ ትንሽ እንጀራ ይጨምሩ፣ ሚዛኑ ካልተንቀሳቀሰ በሚቀጥለው ሌላ ትንሽ። በሳምንት አንድ ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ይመዘኑ። መንገድ ዳር በሚገኝ ሚዛን ከሆነም ሁልጊዜ በዚያው ይሁን፤ ሚዛኖቹ እርስ በርስ አይስማሙም።

ጥያቄ፦ የከሳሁት በእግር በመሄድ ነበር። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ጎሕ ሳይቀድ ወጥቼ ሲመሽ ነው የምገባው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም፤ አሥር አሥር ደቂቃም ይቆጠራል። ጠዋት ሥራ ቦታዎ ሳይደርሱ ከታክሲ ቀደም ብለው ይውረዱ፣ ከምሳ በኋላ ይራመዱ፣ ፎቅዎን በደረጃ ይውጡ። ማታ ግን በጨለማ ብቻዎን እንዲሄዱ አልመክርም። ዳይት ከስብ ጋር ጡንቻም ስለሚወስድ በሳምንት ሁለት ቀን ቤትዎ ውስጥ ፑሽ አፕ ይሥሩ፣ ከወንበር ደጋግመው ይነሡ ይቀመጡ።

ጥያቄ፦ የጾም ምግብ አያወፍርም ይባላል፤ እኔ ግን በዐቢይ ጾም ጨመርኩ። (ከሰበታ)

መልስ፦ ድስቱን ይመልከቱ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ያህል ካሎሪ አለው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑና ድንች ወጡ እያንዳንዳቸው በዘይት ከተቁላሉ በያይነቱ ላይ የሚደርሰው ቀላል አይደለም። ሽሮና ምስር ራሳቸው ፕሮቲንና ቃጫ ያላቸው፣ ቶሎ የሚያጠግቡ ምግቦች ስለሆኑ እነሱን አይቀንሱ፤ ዘይቱን በማንኪያ ለክተው ይጨምሩ እንጂ ከጠርሙሱ አያንቆርቁሩ። ከ55 ቀን ጾም በኋላ የፋሲካ ዶሮ ወጥ ይብሉ፣ ደስም ይበልዎ። ክብደት የሚመልሰው የበዓሉ ዕለት ሳይሆን ከበዓሉ በኋላ ለሳምንታት የሚዘልቀው ቅቤና ሥጋ ነው።

ጥያቄ፦ ዘመዶቼ ባዩኝ ቁጥር «ከሳሽ፣ ምን ነካሽ?» እያሉ ጉርሻ ይደራርቡብኛል። (ከሱሉልታ)

መልስ፦ በእኛ ዘንድ መክሳት ከበሽታ ጋር ስለሚያያዝ ጭንቀታቸው ከፍቅር የመጣ ነው። «ደኅና ነኝ፣ ሐኪምም አይቶኛል» ይበሏቸው። የመጀመሪያውን ጉርሻ በደስታ ተቀብለው ቀጣዩን እርስዎ ያጉርሷቸው። ሳያስቡት መክሳትዎ ከቀጠለ ግን ዘመዶችዎ ልክ ናቸው፤ ይመርመሩ።

ጥያቄ፦ ከከሳሁ በኋላ ስኳሬ ወረደ። መድኃኒቱን ላቁም? (ከቡራዩ)

መልስ፦ በራስዎ ፈቃድ በፍጹም አያቁሙ። መክሳት የመድኃኒቱን መጠን ሊያስቀንስ ይችላል፤ የሚወስነው ግን ሐኪምዎ ነው። ቀጠሮው ሩቅ ቢሆንም ካላበዎት፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከዞረብዎ ስኳርዎ ከልክ በላይ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ስኳር ያለበት ሻይ ወይም ጭማቂ ይጠጡ፣ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።