የውርጩ ንጉሥና የምድጃው መንፈስ፦ ለቀረበው ጥያቄ መልስ

«በአያቶቼ ተረት ላደግሁ ሰው፣ በሩሲያ ተረት ላይ የተመሠረተው የካትሪን አርደን ‹ዘ ቤር ኤንድ ዘ ናይቲንጌል› ይጥመኛል ወይስ ባዕድ ይሆንብኛል?» የሚለውን ጥያቄ ሳነብ መልስ ለመስጠት ቸኮልሁ፤ ምክንያቱም መጽሐፉን ካነበብሁ በኋላ ደሴ ላሉት አያቴ፣ ማታ ማታ እራት ከተበላ በኋላ፣ በአማርኛ እየተረክሁ ጨርሼላቸዋለሁ። ያንብቡት ነው የምለው፤ የትኛው ክፍል እንደሚጥምዎትና የትኛው እንደማይጥምዎት ግን ካየሁት ተነሥቼ ላስረዳ።

መጽሐፉ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን፣ ከሦስት ተከታታይ ልብ ወለዶች የመጀመሪያው ነው። ታሪኩ በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሰሜን ሩሲያ ጫካ በከበበው የገጠር መንደር ይፈጸማል። ቫሲሊሳ የምትባለው ልጅ እናቷን በተወለደችበት ዕለት ታጣለች፤ ሌላው ሰው የማያያቸውን የቤት፣ የጋጣና የሐይቅ መናፍስት እያየችም ታድጋለች። ልብ ወለዱ የሚከፈተው አሮጊቷ ሞግዚት ዱንያ በክረምት ሌሊት ልጆቹን በምድጃው ዙሪያ ሰብስባ ስለ ውርጩ ንጉሥ ስትተርክ ነው። በተረቱ ውስጥ ውርጩ ጫካ ውስጥ የተጣለችውን ልጅ «በረደሽ ወይ?» እያለ ይጠይቃታል፤ እርሷም ልትሞት እየተንቀጠቀጠች በጨዋነት «አልበረደኝም» ትለዋለች። በአንድ ሌሊት ባቄላውን አክስሎ የሚያድረውን የደላንታን ውርጭ የሚያውቅ ሰው፣ ብርድ ሰው ሆኖ መጥቶ ሲያነጋግር ቢሰማ እንግዳ አይሆንበትም። አያቴም በዚህ ቦታ አንድም ማብራሪያ አልጠየቁኝም።

የመጽሐፉ ትልቁ ጉልበት፣ በእኔ ግምት፣ የቤቱ መንፈስ የተሣለበት መንገድ ነው። ሩሲያውያን ዶሞቮይ የሚሉት ይህ መንፈስ በምድጃው ውስጥ የሚኖር፣ ጢማም፣ ትንሽ ሽማግሌ ነው፤ ቁራሽ ዳቦ ሲቀመጥለት ቤቱን ይጠብቃል፣ ሲረሳ ግን እየከሳና እየደበዘዘ ይሄዳል። ቡና በተፈላ ቁጥር ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ እጣን ጨሶ፣ ከፈንድሻው ለአድባር ሲበተን እያየ ላደገ የወሎ ሰው፣ ቫሲሊሳ ከራሷ ድርሻ ቆርሳ ለምድጃው የምታኖርበት ገጽ ወዲያው ይገባዋል። ደራሲዋ መናፍስቱን በአየር ላይ አልተወቻቸውም፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምድጃ፣ የራሳቸው ጋጣ፣ የራሳቸው ውኃ አላቸው። የእኛም ተረት እንዲሁ ነው። በወሎ ያለውን የሐይቅን አፈ ታሪክ ያስቡ፦ ልዕልቲቱ ነፍሰ ጡሯን ሴት ስትበድላት ፈጣሪ ተቆጥቶ ምድሩን ሁሉ ውኃ አደረገው፤ ሴትየዋ የተቀመጠችበት ቦታ ግን ሳይሰጥም ቀረና ደሴት ሆነ ይባላል። ዛሬ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን፣ አሁን ከየብስ የተያያዘውን ያንን መሬት እያየ ተረቱን የሰማ ልጅ ለምን እንደማይረሳው፣ ይህን ልብ ወለድ ሳነብ ይበልጥ ገባኝ።

ከሰዎቹ ሁሉ የእንጀራ እናቲቱን አና ኢቫኖቭናን በጥሞና እንዲከታተሏት እለምናለሁ። የሞስኮው መስፍን ልጅ ናት፤ መመንኮስ እየፈለገች ተዳረች፤ እንደ ቫሲሊሳ መናፍስቱን ታያለች፣ ነገር ግን ሁሉም አጋንንት ይመስሏታልና ከቤተ ክርስቲያን በቀር ዕረፍት የላትም። እኔ ትረካዬን በቫሲሊሳ ላይ አድርጌ ስገሰግስ አያቴ አስቆሙኝና «ይህችስ ልጅ? የምታየውን የሚያምናት ሰው አጥታ ነው እንዴ እንዲህ የከፋችው?» አሉኝ። ጥያቄው መጽሐፉን እንደገና እንድከፍተው አደረገኝ። አንድ ዓይነት ዓይን ያላቸው ሁለት ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ፣ አንዷ በዱንያ ተረት ስታድግ ሌላዋ ማንም ሳያስረዳት መቅረቷ የታሪኩ እውነተኛ ሐዘን ይመስለኛል።

ያላረካኝ ነገር የመንደሩ ሰው ነው። ከሞስኮ የመጣው ወጣቱ ቄስ ኮንስታንቲን፣ ሥዕለ አድኅኖ የሚሥል ባለ ግሩም ድምፅ፣ ሕዝቡን በፍርሃት ሲሰብከው፣ ትውልድ ሁሉ ለምድጃ ዳቦ ሲያኖር የኖረ መንደር በጥቂት ገጾች ውስጥ ልማዱን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ይህን አላመንሁትም። በወሎ ሼኹም ቄሱም የአድባርን ነገር ሲያወግዙ ኖረዋል፤ ያም ሆኖ አያቶቻችን ከጸሎታቸው ጋር ይዘውት ዘልቀዋል፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑም በወዳጃ አብረው ተቀምጠው ሲለማመኑ ኖረዋል። ልማድ ቀስ ብሎ፣ እየተደበቀ፣ እየተከራከረ ነው የሚሄደው፤ ይህን ክርክር በየቤቱ ብታሳየን ኖሮ ልብ ወለዱ እጅግ በከበደ ነበር። መጨረሻው አካባቢም ውጊያው ይበዛና የምድጃው ዓለም ጸጥታ ይጠፋል።

ለንባብ የሚያስቸግረው የስም ብዛት ነው፤ ቫሲሊሳ ቫስያም ትባላለች፣ የወንድሞቿም ስም እንዲሁ ይለዋወጣል። ከመጽሐፉ ጀርባ የቃላትና የስሞች ማብራሪያ ስላለ አስቀድመው ይመልከቱት። ሁለተኛው መጽሐፍ ልጅቱን የወንድ ልብስ አልብሶ ወደ ሞስኮ ይወስዳታል፤ ጉዞና የቤተ መንግሥት ሴራ የሚወዱ ከሆነ ይቀጥሉ፣ የሚፈልጉት የቤቱንና የጋጣውን መናፍስት ከሆነ ግን የመጀመሪያው ብቻውን ይበቃዎታል።