ኳስ የመታው ጣት ጫፉ ወድቆ ሲቀር ምን ይደረጋል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብሁት። መረብ ኳስ ስትጫወት፣ ብሎክ ለማድረግ (የተጋጣሚን ምት ከመረቡ በላይ በእጅ ለመከልከል) በዘለልህበት ቅጽበት ኳሱ የቀኝ እጅህን የቀለበት ጣት ከጫፉ ላይ እንደመታው፣ ወዲያውኑ በግራ እጅህ ይዘህ እንደጎተትኸው፣ ማታ በሙቅ ውሃና በጨው ዘፍዝፈህ በቅቤ እንዳሸኸው፣ በማግሥቱም ዙሪያውን በፕላስተር ጠቅልለህ ጫፉን በጥርስህ እየሳብህ እንዳሠርኸው ጽፈሃል። አሁን ከሳምንት በኋላ ሕመሙ ቢቀንስም እብጠቱ እንዳልጠፋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጣትህ ጫፍ ወደ መዳፍህ አዘንብሎ እንደቀረና በራሱ ኃይል ቀና እንደማይል ትገልጻለህ። የምትጠይቀውም ወጌሻ ዘንድ ሄደህ መታሸት ይሻልህ እንደሆነ፣ ቅዳሜስ መጫወት ትችል እንደሆነ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ለብዙ ዓመታት ከመረቡ ሥር የተጫወትሁ፣ አሁን ደግሞ የሰፈራችንን ወጣቶች የማሠለጥን ሰው ነኝ። እንዲህ ያለው ጉዳት በራሴም ጣት ደርሷል፣ በማሠለጥናቸውም ልጆች ላይ ተደጋግሞ አይቼዋለሁ። ስለዚህ የምጽፍልህ ካየሁትና ጣቴን ካከሙልኝ ባለሙያዎች ከተማርሁት ነው።

ከጻፍኸው ሁሉ ያሳሰበኝ የጫፉ መውደቅ ነው። ኳስ የመታው ጣት ያብጣል፣ ይበልዛል፣ ያማል፤ አብዛኛው ግን ወለምታ ስለሆነ ጊዜ ወስዶም ቢሆን ይድናል። እንዲያውም መካከለኛው አንጓ ላይ የደረሰ ወለምታ እብጠቱ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ በሳምንቱ አልጎደለም ብለህ በእብጠቱ ብቻ አትጨነቅ። ጫፉ የወደቀ ጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከአውራ ጣት በቀር እያንዳንዱ ጣት 3 አጥንቶች አሉት፤ የመጨረሻውን፣ ጥፍር ያለበትን አጥንት ቀና የሚያደርገው በጣቱ ጀርባ በኩል የሚያልፍ ቀጭንና ጠፍጣፋ ጅማት ነው። የመረብ ኳስ ክብደቱ ከ260 እስከ 280 ግራም ብቻ ቢሆንም፣ በኃይል ተመትቶ ሲመጣ ቀጥ ብሎ የተዘረጋን ጣት ጫፍ በድንገት ወደ ታች ያጥፈዋል። በዚያች ቅጽበት ጅማቱ ወይ ከመያዣው ላይ ይበጠሳል፣ ወይ ደግሞ ከአጥንቱ ላይ ትንሽ ስባሪ ይዞ ይነሣል።

ይህንን ራስህ መለየት ትችላለህ። የጣቱን መካከለኛ አጥንት በግራ እጅህ ደግፈህ ያዝና ጫፉን ብቻ በራሱ ኃይል ቀና ለማድረግ ሞክር። እምቢ ካለህ፣ በግራ እጅህ ጣት ከሥሩ ቀስ ብለህ አንሣው። ያለ ችግር ቀና ብሎ፣ ስትለቅቀው ተመልሶ ከወደቀ፣ መገጣጠሚያው ስለደረቀ አይደለም፤ የሚያነሣው ጅማት ሥራውን ስላቆመ ነው። ሙከራውን አንድ ጊዜ ካደረግኸው ይበቃል፤ ለጓደኞችህ እያሳየህ አትደጋግመው። እንዲህ ያለው ጉዳት ከጥቂት ቀናት በኋላ ብዙም ስለማያም ሰው በቀላሉ ችላ ይለዋል። ችላ ከተባለ ደግሞ ጫፉ እንደታጠፈ ይቀራል፣ አንዳንዴም ከጊዜ በኋላ መካከለኛው አንጓ ወደ ኋላ እየለጠጠ ሄዶ ጣቱ በሙሉ ቅርጹን ያጣል።

አሁን ወደ አደረግኸው ልመለስ። ይህን የምለው ልወቅስህ ፈልጌ አይደለም፤ ሜዳ ላይ ጣቱን የያዘ ተጫዋች ባየ ቁጥር ዙሪያውን የቆመው ሁሉ «ሳበው፣ ሳበው» ብሎ ሲጮኽ የኖረበት ነገር ስለሆነ ነው። ይሁን እንጂ ጫፉ ላይ ኳስ የመታው ጣት አብዛኛውን ጊዜ አልወለቀም፤ ያልወለቀን ጣት መሳብ ደግሞ የሚመልሰው ነገር የለም። ተሰንጥቆ ከሆነ ስንጥቁን ያናጋዋል፣ ጅማቱ በከፊል ተጎድቶ ከሆነም ጉዳቱን ያባብሰዋል። በእርግጥ ወልቆ ቢሆን እንኳን፣ መመለስ ያለበት በሚያውቅ ሰው እጅ፣ ከተቻለም ራጅ ከታየ በኋላ ነው። ሙቅ ውሃውና ማሸቱም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ሙቀት ወደ ጉዳቱ የሚሄደውን ደም ስለሚጨምር እብጠቱን ያባብሰዋል። ቅቤው በራሱ ጉዳት የለውም፤ የሚጎዳው በላዩ ላይ የሚደረገው ማሸት ነው። በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይዞ፣ አሳርፎ እንደገና መያዝ፣ እጅንም ከልብ ከፍታ በላይ አድርጎ ማስቀመጥ ነበር። ጣትህ ላይ ቀለበት ካለ ግን አንድ ሳምንት አለፈ ብለህ አትተወው፤ ዛሬውኑ አውልቀው፤ በሳሙና እምቢ ካለህም ቀለበቱን አስቆርጠው።

ስለ ፕላስተሩ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ ምክንያቱም የገዛ እጅን ማከም የሌላ ሰውን እጅ ከማከም በጣም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የተጎዳው ቀኙ ስለሆነ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ያልለመደው ግራ እጅ ነው፤ ሦስተኛ እጅ ስለሌለ ጥርስ ይገባበታል። በጥርስ ሲሳብ ግን ምን ያህል እንደጠበቀ መገመት አይቻልም። ዙሪያውን የተጠቀለለ ፕላስተር ደግሞ አይለጠጥም፤ ጣቱ ሌሊት ሲያብጥ ፕላስተሩ እንደነበረ ይቆያል፣ ደሙም መተላለፊያ ያጣል። ጥፍርህን ተጫነው፤ ይነጣል። ስትለቅቀው በ2 ሰከንድ ውስጥ ተመልሶ ካልቀላ፣ ወይም ጫፉ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ያሠርኸውን ነገር በዚያው ቅጽበት ፍታው።

ከመጥበቁ ይልቅ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። እጅህን ዘና አድርገህ ጭንህ ላይ ብታሳርፈው ጣቶችህ ሁሉ በመጠኑ ታጥፈው ታገኛቸዋለህ፤ የእጅ ተፈጥሯዊ አቀማመጥ ይኸው ነው። አንተም ብቻህን ተቀምጠህ ስታሥር ጣቱን በዚያ አቀማመጥ ላይ እንዳለ ጠቅልለኸዋል። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ፕላስተሩ ያደረገው፣ የተበጠሰው ጅማት ሁለት ጫፎች እንዳይገናኙ አራርቆ መያዝ ነው። ጣት ታስሯል ማለት ተደግፏል ማለት አይደለም፤ በሜዳችን የማየው ትልቁ ስሕተትም ይህ ነው።

ታዲያ አሁን ምን ታደርጋለህ? በቅድሚያ ራጅ ተነሣ። ስትነሣም የዚያ ጣት የጎን ምስል እንዲነሣልህ ጠይቅ፤ ከጅማቱ ጋር የተነሣ የአጥንት ስባሪ ካለ ከፊት በተነሣ ምስል ላይ ሊሸሸግ ይችላል። ስባሪው ትልቅ ሆኖ ከመገጣጠሚያው ሲሶ በላይ የሚሆነውን ከያዘ፣ ወይም የጫፉ አጥንት ከቦታው ተንሸራትቶ ከሆነ፣ የአጥንት ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ሊያስብ ይችላል። ከዚያ ውጪ ግን በአብዛኛው የሚታዘዘው ቀላል ነገር ነው፤ ጫፉን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ። ቀላል ያልሁት ዕቃውን ነው፤ ትዕግሥቱ ከባድ ነው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ቀንም ሌሊትም፣ የመጨረሻው አንጓ አንድ ጊዜም ሳይታጠፍ መቆየት አለበት። አንድ ጊዜ ከታጠፈ መገጣጠም የጀመረው ጅማት ሊለያይ ስለሚችል ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ከዚያ በኋላም ለተጨማሪ ሳምንታት ሌሊት ሌሊት ይደረጋል። ሳምንት አለፈኝ ብለህ ተስፋ አትቁረጥ፤ ዘግይቶ የተጀመረ ድጋፍም ጥሩ ውጤት ይሰጣል።

በመድኃኒት ቤቶች በጣት ልክ የተሠራ የፕላስቲክ መደገፊያ ከተገኘ መልካም ነው። ካልተገኘ፣ ሐኪም ምላስ የሚጫንበትን ጠፍጣፋ እንጨት በጣትህ ስፋት ቆርጦ፣ ጠርዙን አለስልሶና በስሱ ጥጥ ወይም ፋሻ አልብሶ መጠቀም ይቻላል። እንጨቱ ከመካከለኛው አንጓ ማለፍ የለበትም፤ ያ አንጓ ነፃ ሆኖ መታጠፍ አለበት፣ አለዚያ ደህናው መገጣጠሚያ ይደርቃል። ጫፉን ቀጥ አድርገው እንጂ ወደ ኋላ አታለጥጠው፤ በአንጓው ጀርባ ያለው ቆዳ ከነጣ ደም አልደረሰውም ማለት ነው፣ ይቆስላል።

መደገፊያውን ብቻህን የምትቀይረው እንዲህ ነው። ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጥ፤ አዲሱን እንጨትና የተቆረጠ ፕላስተር፣ አንዱን ጫፉን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ለጥፈህ፣ አስቀድመህ አዘጋጅ። መዳፍህን ወደ ታች አድርገህ የጣትህን ሆድ በጠረጴዛው ላይ ጠፍጣፋ አድርገህ አሳርፈው፤ ጠረጴዛው ራሱ ጫፉን ይደግፍልሃል። ከዚያ አሮጌውን ፍታና ቀስ ብለህ ወደ ጠርዙ ጎትተህ አውጣው፤ ጣቱ ግን ከጠረጴዛው ፈጽሞ አይነሣ። ቆዳውን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፤ እርጥበት ከሥሩ ከቆየ ቆዳው ነጥቶ ይላጣል። አዲሱን እንጨት በጣቱ ጀርባ በኩል አስቀምጠህ ፕላስተሩን ሳትስበው አልብሰው። በተቻለህ መጠን ግን ሁልጊዜ የቤት ሰው እንዲረዳህ አድርግ፤ አንዱ ጫፉን ሲይዝ ሌላው ያሥራል።

ፈተናው የሚመጣው በምግብ ሰዓት ነው። ቀኝ እጅ ነው፣ እንጀራ ነው፣ በየቀኑ ብዙ ጊዜ መታጠብ አለ። ከማሠለጥናቸው ልጆች አንዷ ትንሿ ጣቷ ላይ ይኸው ደርሶባት ሐኪም መደገፊያውን በሚገባ አድርጎላት ነበር፤ ነገር ግን ከመብላቷ በፊት እያወለቀች ትታጠብ፣ በልታ ስትጨርስም መልሳ ታደርግ ነበር። ቀኑን ሙሉ እንዳደረገችው ስለምታስብ ምንም ያጎደለች አልመሰላትም። ከሳምንታት በኋላ ጫፉ እንደወደቀ መሆኑን ስታይ ያለቀሰችው ለቅሶ አሁንም ያሳዝነኛል፤ አስተካክላ እንደገና ስትጀምር ግን ጣቷ ቀና ብሎላታል። ስለዚህ ለነዚህ ሳምንታት በማንኪያ ብላ፣ ወይም እናትህ፣ እኅትህ፣ ያለው ሰው ያጉርስህ። ስትታጠብ ላስቲክ ከረጢት እጅህ ላይ አጥልቅ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃሃል፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት ካመመህ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያለ ሐኪም ምክር አትውሰድ።

ወጌሻን በተመለከተ፣ ልምድ ያላቸውና ብዙ ሰው የረዱ ወጌሾች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አክብሮቴም የጸና ነው። ሆኖም ያንተ ጉዳት በማሸት የሚድን አይደለም። የተበጠሰ ጅማት የሚፈልገው ተገናኝቶ ሳይነካ መቆየትን ሲሆን፣ ማሸት ደግሞ በየጊዜው ያንቀሳቅሰዋል። በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ አጥብቆ ማሠርም በአገራችን ሆስፒታሎች ደም ተቋርጦ እጅና እግር እስከ መቆረጥ ያደረሰ ነገር ነው። ስለዚህ ይህችን ጣት ለወጌሻ አትስጣት ብዬ በግልጽ እለምንሃለሁ።

ይህን የሚያነቡ ሌሎችም ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። ጫፉ ቀና የማይለው ጣት ቀናት ሊጠብቅ ይችላል፤ ጫፉ የማይታጠፈው ግን አይጠብቅም። የተጋጣሚን ማሊያ ይዞ ጣቱ የተነጠቀ ሰው ጫፉን ማጠፍ ካቃተው፣ በመዳፉ በኩል ያለው ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል በቀናት ውስጥ ቀዶ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ጡጫ ሲጨበጥ አንዱ ጣት በሌላው ላይ የሚተላለፍ ከሆነ ስብራት አለ ማለት ነው። ቆዳው ተቀድዶ አንጓው ከታየ ወይም ጣቱ ከደነዘዘ ደግሞ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ስለ ቅዳሜው መልሴ አትጫወት ነው። መሮጥ፣ መዝለል፣ የእግር እንቅስቃሴ መለማመድ ትችላለህ፤ ኳስ ግን ያንን እጅ አይንካው። ሐኪሙ ከፈቀደልህ በኋላም በመጀመሪያዎቹ ወራት የቀለበት ጣትህን ከመሃል ጣትህ ጋር፣ በመካከላቸው ስስ ጥጥ አድርገህ፣ ከአንጓዎቹ በላይና በታች በፕላስተር አጣምረህ ተጫወት፤ አንጓዎቹ ራሳቸው ክፍት ይሁኑ። ብሎክ ስትወጣም ጣቶችህን ዘርግተህ አጠንክራቸው፣ አውራ ጣቶችህ ወደ ላይ ይሁኑ፣ እጅህም ኳሱ ከመመታቱ በፊት ከመረቡ በላይ ይድረስ። ጣት የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ወደ ኳሱ ሲዘረጋ ነው፤ ይህን ከአሠልጣኝህ ጋር ያለ ኳስ እየደጋገምህ ተለማመደው። ራጁ ምን እንዳሳየ እዚሁ ጻፍልን፤ ስባሪ ካለው የምትጠይቃቸውን ነገሮች አብረን እናያለን።