ጭቃ ነን ወይስ ሸክላ?

ጥያቄ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ኤርምያስ ምዕራፍ 18ን ሳስተምር «እኛ በሠሪው እጅ ያለን ሸክላ ነን» አልኩ። አንድ ተማሪ «መጽሐፉ የሚለው ጭቃ ነው» ብሎ አረመኝ። ለውጥ አለው?

መልስ፦ አለው። ተማሪዎ ልክ ነው፤ ጥያቄውም ስንት ዓመት ስሟገትበት የኖርኩት ነው።

የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ምዕራፍ 18 ላይ ጭቃ ይላል። ኢሳይያስ 64፥8ም «እኛ ጭቃ ነን» ነው የሚለው። ሮሜ 9፥21 ላይ የሠሪው ሥልጣን በጭቃ ላይ ነው። 2ኛ ቆሮንቶስ 4፥7 ላይ ግን ስለ ዕቃው ስለሚናገር «ሸክላ ዕቃ» ይላል። ዕብራይስጡም ይለያቸዋል፦ እርጥቡ ሖሜር፣ እሳት የገባው ሔሬስ።

«ሸክላ ሁለቱንም ይይዛል፤ ሠሪው ራሱ ሸክላ ሠሪ አይደል?» የሚሉ የቋንቋ ሰዎች አሉ። አልቀበላቸውም። ሠሪው የተጠራው በሚያወጣው ዕቃ ነው። ዳቦ ጋጋሪም የሚያቦካው ሊጥ ነው፤ ሊጡን ግን ዳቦ አንለውም። ግዕዙ እንዲያውም ሌላ መንገድ ይዟል። ሠሪው ለብሓዊ ነው። ከጭቃ ማበጀት ለሐኰ፣ የተበጀው ልሕኵት ነው። ዕብራይስጡ ደግሞ ሠሪውን ዮጼር ይለዋል፤ ዘፍጥረት 2፥7 ላይ አዳም ከምድር አፈር የተበጀበት ግሥ ነው። አፈሩም እዚያ ዓፋር ይባላል፤ የእኛው «አፈር» ዘመድ መሆኑ ነው።

ወደ ነገሩ ልመለስ። ቁጥር 4 ላይ ዕቃው በሠሪው እጅ ተበላሸ፤ ሠሪውም እንደ ወደደ «መልሶ» ሌላ ዕቃ አድርጎ ሠራው። ቁጥር 8 ላይ ሕዝቡ ከክፋቱ «ቢመለስ» እግዚአብሔር ያሰበውን ክፉ ነገር ይተዋል። ቁጥር 11 ላይ «ተመለሱ» ይላል። በዕብራይስጡ ሦስቱም አንድ ግሥ ናቸው፤ ሹብ። አማርኛችን ያንን ሥር ሳያፈርስ ይዞታል፤ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ሠሪው ይመልሳል፣ ሕዝቡ ይመለሳል። ቁጥር 6 ላይ፣ ጭቃው በሠሪው እጅ እንዳለ እናንተም በእጄ አላችሁ በሚለው ላይ፣ ቆመው ምሳሌውን «ሁሉ አስቀድሞ ተወስኗል» የሚል የዕድል ትምህርት የሚያደርጉ ሰባክያን ይህን ይዘሉታል። ሥልጣኑ የሠሪው ነው፤ አዎ። ግን በዚያው በሥልጣኑ ነው ለንስሐ ቦታ የተወው።

ሸክላ ካልን ይህ ሁሉ ይጠፋል። እሳት የገባ ሸክላ አይመለስም፤ ቢሰበር ገል ነው። ምዕራፍ 19 ላይ ኤርምያስ ከሠሪው የገዛውን የሸክላ ዕቃ በሄኖም ልጅ ሸለቆ ይሰብራል፤ ከእንግዲህ ሊጠገን አይችልም ተብሎ። ሁለቱ ምዕራፎች የተከታተሉት በከንቱ አይመስለኝም። በመጀመሪያው ገና ጊዜ አለ፤ በሁለተኛው አልቋል።

እርግጥ ነው፣ የጂኦግራፊ መማሪያ «ሸክላ አፈር» ይላል። የድሮ የሙዚቃ ዲስክም ሸክላ ነው። በስብከትና በጸሎትም «ሸክላህ ነኝ» የሚለው ሰው ብዙ ነው። ቃሉ ሰፍቷል፤ ወደድኩም ጠላሁም ሕዝቡ የተናገረው ቋንቋ ነው። ስለዚህ በጸሎት ሸክላ ያለውን ሰው አያርሙት። ምዕራፍ 18ን ሲያስተምሩ ግን ጭቃ ይበሉ፤ ቁጥር 4 ላይ ሲደርሱም «መልሶ» የሚለውን ረገጥ አድርገው ያንብቡት።