ኢንተርስቴቶችን በሙሉ ነድቶ ለመጨረስ፦ ስለ ኪራይ መኪና ለጠየቁን አባል

የአሜሪካን ኢንተርስቴቶች (በመላ አገሪቱ የተዘረጉትን፣ በቁጥር የሚጠሩ አውራ ጎዳናዎች) አንድም ማይል ሳያስቀሩ ለመጨረስ አስበው፣ በኪራይ መኪና ከ90 ቁጥር ቢጀምሩ ምን ሊጠነቀቁ እንደሚገባ ጠይቀዋል። እኔም የጀመርኩት በዚሁ መንገድ ነውና የደረሰብኝ እንዳይደርስብዎ እጽፋለሁ።

አንደኛ፣ ከመኪናው ዓይነት በፊት የመንገድ ክፍያውን ነገር ይጨርሱ። ከቦስተን እስከ ሲያትል 3,020 ማይል ገደማ የሚረዝመው ይህ መንገድ ከማሳቹሴትስ እስከ ኢሊኖይ ባለው ክፍሉ ብዙ ቦታ ያስከፍላል፤ በማሳቹሴትስ ከ2016፣ በኒውዮርክ ከ2020 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ መክፈል ስለቀረ ካሜራ ታርጋውን ያነሳና ሂሳቡ ለታርጋው ባለቤት፣ ማለትም ለአከራዩ ይላካል። የእኔ አከራይ (ስሙን ልተወው) የመንገዱን ክፍያ ብቻ ሳይሆን፣ መኪናው በእጄ ለቆየበት ለእያንዳንዱ ቀን የአገልግሎት ክፍያ ጨምሮ ከካርዴ ቆረጠ። ከዊስኮንሲን ጀምሮ ወደ ምዕራብ በ90 ላይ የሚያስከፍል ቦታ እንደሌለ ካርታ ይዤ ሄጄ ባስረዳም፣ የቢሮው ኃላፊ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ፈርመዋል እኮ» ብላ ቀጣዩን ደንበኛ ጠራች። እኔ ግን በዚህ የምመለስ ሰው አይደለሁም፤ በየዕለቱ የት እንደነዳሁ የምጽፍበትን ማስታወሻ አያይዤ በጽሑፍ አቤት በማለት የምዕራቡን ቀናት ክፍያ አስመልሻለሁ። ስለዚህ የራስዎን ኢዚፓስ (የመንገድ ክፍያን ከሂሳብዎ የሚቆርጥ፣ መኪና ላይ የሚደረግ ትንሽ መሣሪያ) ይያዙ፣ የኪራዩን ታርጋም ለኪራዩ ቀናት ብቻ በሂሳብዎ ላይ ያስመዝግቡ። መኪናው ላይ የተለጠፈ የአከራዩ የክፍያ መሣሪያ ካለ ማቀፊያውን ይዝጉት፤ አለበለዚያ ሁለት ጊዜ ሊያስከፍልዎ ይችላል።

ሁለተኛ፣ መኪናውን በሌላ ከተማ የሚያስረክቡ ከሆነ የሚጨመርብዎን ሂሳብ አስቀድመው በጽሑፍ ይቀበሉ።

ሦስተኛ፣ የሚያንገላቱት ረጃጅሞቹ ሳይሆኑ ባለ ሦስት አሃዝ ቅርንጫፎቹ ናቸው። በዋዮሚንግ ሻየን ያለው 180 የትራፊክ መብራት ያለበት ተራ የከተማ ጎዳና ስለሚመስል ብዙዎች ኢንተርስቴት መሆኑን ሳያውቁ ያልፉታል፤ እኔ በሁለቱም አቅጣጫ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነድቼዋለሁ። በአንድ አቅጣጫ መንዳት ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን ግማሽ ሥራ ነው። 95 ቁጥርም በፔንስልቬንያና በኒውጀርሲ አካባቢ ተቋርጦ የነበረው የተገናኘው በ2018 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ጨርሰናል ይሉ የነበሩ ሰዎች ለአዲሱ መገናኛ ሲሉ ተመልሰው መሄድ ነበረባቸው።

የሃዋይዎቹ ሁሉም ኦዋሁ ደሴት ላይ ስለሆኑ ያለ ኪራይ መኪና አይሆኑም። እዚያ የመንገድ ክፍያ ጥቅል እንዲገዙ ቢጠየቁ እምቢ ይበሉ፤ በሃዋይ የሚያስከፍል መንገድ የለም።