ዶርም የሚገቡና የሚቀበሏቸው፦ ስለ ኖትር ዳም የጠየቃችሁን

ነሐሴ ሲጋመስ በአሜሪካ የዶርም በሮች ለአዲስ ተማሪዎች ይከፈታሉ። በኢንዲያና፣ ሳውዝ ቤንድ አጠገብ ካለው ከኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዙ አራት ጥያቄዎች ደርሰውናል። ሌላ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የምትገቡም ብዙውን ትጠቀሙበታላችሁ፤ የራሳችሁን ዶርም ደንብ ግን ሳታነቡ አትሂዱ።

ልጄ ዘንድሮ ኖትር ዳም ይገባል። እኛ ኦርቶዶክስ ነን። ዶርሙ ውስጥ ጸሎት ቤትና ቅዳሴ እንዳለ ነገረኝ። ይገደዳል ወይ? ስንወስደውስ ምን እንያዝለት? — እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ቅዳሴ መግባት ግዴታ የለበትም፤ አይስጉ። ግዴታ የሚሆንበት ትምህርቱ ነው፦ ከመመረቁ በፊት ሁለት የነገረ መለኮት ኮርስ ይወስዳል።

ዩኒቨርሲቲውን በ1842 የመሠረቱት የቅዱስ መስቀል ማኅበር ካህን አባ ኤድዋርድ ሶሪን ናቸው። ዛሬ ከ30 በላይ ዶርሞች አሉት። የወንድና የሴት ዶርም የተለያየ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ ጸሎት ቤት አለው። የዶርሙ ኃላፊ ሬክተር ይባላል፤ ካህን፣ መነኩሲት ወይም ተራ ምእመን ሊሆን ይችላል፤ የሚኖረውም እዚያው ከተማሪዎቹ ጋር ነው። በየፎቁ ደግሞ አር ኤ የሚባሉ፣ የፎቁን ልጆች የሚረዱና የሚቆጣጠሩ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች አሉ። ልጅዎ ዶርሙን አይመርጥም፤ ይመደባል። ከ2018 ጀምሮ የገቡ ተማሪዎች ስድስት ሴሚስተር ግቢ ውስጥ መኖር ስላለባቸው፣ አብዛኞቹ ሦስቱንም ዓመት እዚያው ዶርም ይቆያሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የሚተዋወቃቸው ልጆች ለረጅም ጊዜ ጎረቤቶቹ ናቸው።

ከጓደኞቹ ጋር ቅዳሴ ቢገባ ሥጋ ወደሙን ከመቀበል ይቆጠብ። የካቶሊክ ቀኖና የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ምእመን ራሱ ከጠየቀና ከተዘጋጀ እንዲቀበል ይፈቅዳል፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን አትፈቅድም። ሰዉ ለመቀበል ሲነሣ እሱ ቦታው ላይ መቀመጥ ይችላል፤ ወይም ተሰልፎ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አመሳቅሎ ቡራኬ ብቻ ይቀበል። ማንም ክፉ አያስብበትም። ከመሄዱ በፊት ከንስሐ አባቱ ጋር ቢነጋገርበት ግራ አይጋባም።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው አንሶላ ላይ ነው። የዶርም ፍራሽ አብዛኛውን ጊዜ «ትዊን ኤክስ ኤል» ነው፤ ርዝመቱ 80 ኢንች ነው። ለተራው ትዊን የተሠራው አንሶላ 75 ኢንች ስለሆነ ማዕዘኑ እየተነቀለ ያስቸግራል። ሁለት አንሶላ፣ ትራስ፣ ሁለት ፎጣና የሻወር ጫማ ይበቃዋል። የቆዩ ዶርሞች ኤሲ ላይኖራቸው ስለሚችል አንድ ቬንቲሌተር ያስፈልገዋል። ሻማ፣ ዕጣንና የኤሌክትሪክ ምድጃ ክልክል ናቸው። ማንኛውንም የኤሌክትሪክ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የዶርሙን ዝርዝር ይዩ፤ የማከፋፈያ ገመድም ቢሆን ከድንገተኛ የኃይል መጨመር መከላከያ («ሰርጅ ፕሮቴክተር») ጋር የተሠራው እንጂ ተራው አይፈቀድም።

ከኢትዮጵያ በቀጥታ ለሚመጡ አንድ ነገር እንጨምር፦ የኤሌክትሪክ ውኃ ማፍያችሁን ትታችሁ ኑ። እዚያ ያለው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ስለሆነ ለ220 የተሠራ ማፍያ ከኃይሉ ሲሶ እንኳ አያወጣም፤ ውኃው እስኪፈላ ክፍል ያመልጣችኋል።

የምገባበት ሳምንት ከፍልሰታ ጋር ሊገጥም ነው። ዓቢይ ጾምም አለ። ካፌው ይመቸኛል? — አዲስ ገቢ ተማሪ፣ ከሚኒያፖሊስ

ፍልሰታ ነሐሴ 1 ገብቶ ነሐሴ 16 ይፈታል፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 7 እስከ 22 መሆኑ ነው። ልክ የመግቢያው ሰሞን ነው፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ማታ ማታ የሚታደለው ፒዛ ነው። ስለ ጾም ስታስረጂ «ሥጋ አልበላም» ብለሽ ብቻ አትተዪው፤ አይብና እንቁላል ያቀርቡልሻል። «ቪጋን» በያቸው፤ ይህን ቃል ካፌው ሁሉ ያውቀዋል። ካቶሊኮች በዓቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ ከሥጋ ይታቀባሉ እንጂ ከወተትና ከእንቁላል አይጾሙም። ስለዚህ በዚያ ቀን «የጾም ምግብ» ተብሎ የሚቀርበው ዓሣና አይብ ነው፤ በስሙ እንዳትታለዪ።

ሳትበዪ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዪ ከሆነ የምሳ ሰዓቱ ሳያልፍ ምግብ ይዞ መውጣት ይቻል እንደሆነ ካፌውን ጠይቂ። አር ኤሽንም በመጀመሪያው ቀን ንገሪያት። ምክንያቱን ሳያውቁ ከማዕድ መራቅሽን ያዩ ልጆች መጾምሽን አይገምቱም፤ ያኮረፍሽ ይመስላቸዋል።

ሁለተኛ ዓመት ነኝ፤ የዶርማችን ተቀባይ ቡድን ውስጥ ተመርጫለሁ። አዲስ ገቢዎቹን በደንብ መቀበል እፈልጋለሁ፤ አምና ግን ጩኸቱ በዝቶ አንዳንዱ ልጅ ክፍሉን ዘግቶ ነበር። — ከሳውዝ ቤንድ

ዘግተው የተቀመጡት ልጆች በዓይንህ መግባታቸው ትልቅ ነገር ነው። የመግቢያው ቅዳሜና እሑድ ዘፈንና ጨዋታ ይብዛበት እንጂ፣ አዲሱ ልጅ የሚያስታውሰው ስሙን ማን እንደጠራውና ከማን ጋር እንደበላ ነው። ሥራህን ከዚያ ጀምር።

የስም ዝርዝሩ ሲደርሳችሁ፣ ቢቻል ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ለእያንዳንዱ አጭር መልእክት ላኩ፦ «ስምህን እንዴት እንጥራው? በር ላይስ ምን ተብሎ ይጻፍ?» የድምፅ መልእክት ቢልክላችሁ ከሁሉ ይሻላል፤ «ጸ»ን እና «ቃ»ን ከእንግሊዝኛ ፊደል ላይ አንብቦ የሚያገኛቸው የለም። ለቡድንህም አስረዳ፦ የኢትዮጵያዊ ተማሪ ሁለተኛ ስም የአባቱ ወይም የአያቱ እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። እናቱን በዚያ ስም «ሚስስ እገሊት» ማለት በሌላ ሰው ስም መጥራት ነው። የራሷን ስም ጠይቋት።

ዕቃ በሚወርድበት ቀን መኪናው ጋ አራት ሰው ይበቃል። ሃያ ሰው እየጨፈረ ቢከብ ወላጅ ይደነግጣል፣ ሻንጣም ይጠፋል። አንዱ ከወላጆቹ ጋር ይቆይ፤ ውኃ ይስጥ፣ መጸዳጃ ቤቱን ያሳይ፣ ሬክተሩን ያስተዋውቅ። ልጁን የሚሸኙ እናትና አባት ልባቸው የሚያርፈው ኃላፊውን በዓይናቸው ሲያዩ ነው።

ቪዛ ዘግይቶበት ከሁሉ ኋላ የሚደርሰውን ደግሞ አትርሱ። ከውጭ የሚመጣ ተማሪ ከፕሮግራሙ መጀመሪያ ከ30 ቀን በላይ ቀድሞ አሜሪካ መግባት አይችልም፤ አንዳንዱ ትምህርት ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው፣ በሌሊት፣ አንሶላ ሳይዝ ይደርሳል። ከጋራ ገንዘባችሁ ሁለት አንሶላ፣ ትራስ፣ ፎጣና ሳሙና አስቀምጡ። ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበለውም ሰው በስም ይታወቅ። «አንዳችን እንሄዳለን» ከተባባላችሁ ማንም አይሄድም።

መተዋወቂያው ከስምንት እስከ አሥር በሚሆን ቡድን ይሁን። ሃምሳ ሰው ክብ ሠርቶ ስሙን ቢናገር የሚይዘው የለም። «ክረምቱን የት አሳለፍክ?» የሚለው ጥያቄ ይቅር፤ አንዱ አውሮፓ ሲዞር ሌላው መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ከርሟል። «ከቤታችሁ ምግብ ምን ይናፍቅሃል?» ብትሉት ሁሉም የሚለው ያገኛል። ማታ ማታ ደግሞ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ክፍት ይሁን፤ ካርታ፣ ሻይ፣ ሁለት ሰው። ክፍሉን ዘግቶ የነበረው ልጅ የሚመጣው እዚያ ነው።

ዋናው ሥራ ግን ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ጨዋታው አልቆ፣ የመጀመሪያው ፈተና ደርሶ፣ ናፍቆት የሚጠናው ያኔ ነው። ስሞቹን ተከፋፈሉ፤ ለእያንዳንዳችሁ አምስት ቢደርስ እሑድ ማታ በራቸውን አንኳኩ። የእሑድ ማታ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ የሚበላ ነገር ካለ፣ ቅዳሴ የማይገቡትንም ለእሱ ጥራቸው። ምግብ የማይበላ ወይም ከአልጋ የማይነሣ ካገኘህ ምስጢር አድርገህ አትያዘው፤ ያንኑ ቀን ለአር ኤው ንገር።

በመስከረም መጀመሪያ ለዶርሜ ልጆች ቡና ማፍላት እፈልጋለሁ። እንዴት ላድርገው? — ተማሪ፣ ከዚያው

ከሰል አይታሰብም፤ ክፍል ውስጥ መቁላትም እንደዚያው። የጭስ መቆጣጠሪያው ቢጮህ ሕንፃው በሙሉ ደጅ ይወጣል። ቤት የተቆላ ቡና አስልኪ። የጋራ ወጥ ቤቱን ከአር ኤሽ ጋር ለሁለት ሰዓት ያዢ። የሸክላ ጀበና በጋለ ምድጃ ላይ በድንገት ከተቀመጠ ይሰነጠቃል፤ ምድጃው ሳይግል አስቀምጪውና በትንሽ እሳት ጀምሪ። የአንድ ሊትር ጀበና ወደ 12 ሲኒ ይወጣዋል፤ ለ20 ሰው ሁለት ጀበና ይዘሽ 60 ግራም ያህል የተፈጨ ቡና ለእያንዳንዱ ጨምሪ።

ከቁርሱ ፈንድሻና ዳቦ ይበቃል። እንጀራ ካቀረብሽ ንጹሕ ጤፍ ነው ወይስ ስንዴ ወይም ገብስ አለበት ብለሽ ሻጩን ጠይቂ፤ ስንዴ የማይስማማው ልጅ ሊኖር ይችላል። ቆሎው ውስጥ ኦቾሎኒ ካለም ቀድመሽ ተናገሪ። የወንድ እንግዶች የምትጠሪ ከሆነ ሰዓቱን አስቢበት፦ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ከእኩለ ሌሊት በፊት፣ ዓርብና ቅዳሜ ደግሞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በፊት ከሴቶቹ ፎቅ መውጣት አለባቸው። ሦስተኛው ሲኒ ላይ ጨዋታው ስለሚሞቅ ቡናውን በጊዜ ጀምሪው።