ባለ አንድ ፒክአፕ ጊታር ይዤ የባንድ ሥራ ያስኬደኛል?

የዚህ ሳምንት ጠያቂ የ24 ዓመት ወጣት ነው፣ አዲስ አበባ የሚኖር። በአካውንቲንግ ተመርቆ ቀን ቀን ገንዘብ ያዥ ሆኖ ይሠራል። አርብና ቅዳሜ ማታ በተውሶ ጊታር ይጫወታል። አሁን አንድ የናይት ክለብ ባንድ በሳምንት አራት ማታ ሊቀጥረው ነው፤ «የራስህን ጊታር ይዘህ ና» ብለውታል። የአክስቱ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ለበዓል ስትመጣ ልታመጣለት ተስማምታለች።

ባለው ገንዘብ ዋጋቸው እኩል የሆነ ሁለት ጊታር አግኝቷል፣ አንዱን ሊመርጥ። አንደኛው ያገለገለ ነው፣ ግን ከደህና ፋብሪካ የወጣ፤ ክሮቹ ታች በሚያርፉበት ብሪጅ አጠገብ ፒ 90 የሚባል አንድ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ክፍል) ብቻ አለው። ሁለተኛው አዲስና ርካሽ ሞዴል ነው፣ ሁለት ፒክአፕ ያለው። እዚያ ያለ ጊታር የሚጫወት ጓደኛው ሁለቱንም ሞክሮለታል። የአዲሱ መቃኛ ይላላል ብሎታል። «ጋሼ፣ ልቤ ባለ አንዱ ላይ ነው፤ ጓደኞቼ ግን በአንድ ፒክአፕ ማን ይቀጥርሃል እያሉ አስፈሩኝ» ይላል።

ወንድሜ፣ ባለ አንዱን ግዛ። ምክንያቱንና ይህ ምክር የማይሠራበትን ቦታ ልንገርህ።

አማካሪ ከመሆኔ በፊት ለብዙ ዓመት ማታ ማታ ስጫወት ኖሬያለሁ። አንድም የባንድ መሪ ፒክአፕ ሲቆጥር አላየሁም። የሚጠይቁህ ሌላ ነው። ስንት ዘፈን ታውቃለህ? ዘፋኟ ዛሬ ጉሮሮዋን አሟት ኪውን (የዘፈኑን መነሻ ድምፅ) ዝቅ ብታደርገው ትከተላታለህ? ልምምድ አሥር ሰዓት ሲባል አሥር ሰዓት ትገኛለህ? ጊታርህን የሚያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ መሀል ዘፈን ላይ ቅኝቱ ሲወርድ። ያኔ ሁሉም ዞሮ ያይሃል። ስለዚህ ከሁለቱ ጊታሮች ለሥራህ አደገኛው መቃኛው የሚላላው ነው።

ዋጋቸው እኩል መሆኑም የሚነግርህ ነገር አለ። በተመሳሳይ ብር ሁለት ፒክአፕ፣ አራት ማዞሪያና ስዊች (ፒክአፕ መምረጫ) የገጠመ ፋብሪካ ከሌላ ቦታ ቆጥቧል። ብዙ ጊዜ የሚቆጥበው ከመቃኛው፣ ከፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) አጨራረስና ከስዊቹ ነው።

ስለ ስዊች ካነሳን አይቀር የራሴን ጉድ ልንገርህ። አዳማ አንድ ሠርግ ላይ ነበርን። ያኔ የነበረኝ ባለ ሁለት ፒክአፕ ነበር፣ እሱንም ኮርቼበት። ትዝታ ላይ ሶሎ ልገባ ስዊቹን ወደ አንገት በኩል ጣል ሳደርገው ድምፁ ጠፋ። መልሼ ወደ ብሪጅ ሳደርገው «ክርር» ብሎ መጣና ደግሞ ሄደ። ውስጡ ያለው የመዳብ ምላስ አቧራና ላብ ጠጥቶ ዝጓል። ቀኝ እጄ መምታት ነበረበት፤ የተረፈችኝ ትንሿ ጣት ብቻ ናት። በእሷ ስዊቹን ተጭኜ ይዤ፣ በቀሩት ጣቶች ሶሎውን እንደ ምንም ጨረስኩት። ሳክስ ተጫዋቹ እየሳቀ ስለነበር መግባት የነበረበትን ቦታ አለፈው። ሙሽራዋ ምንም አላስተዋለችም፣ እግዜር ይስጣት።

እርግጥ ባለ አንዱም ይበላሻል። ፒክአፑ ጭራሹን ቢሞት ሌላ መሸሻ የለህም፤ ባለ ሁለቱ ላይ ግን ሁለተኛው ያሻግርሃል። ይህ እውነት ነው። ግን ፒክአፕ በራሱ የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው። ቶሎ የሚለቀው የኬብሉ መሰኪያ ነው፣ እሱ ደግሞ በሁለቱም ላይ አንድ ብቻ ነው። ከቦርሳህ ትርፍ ኬብልና ትንሽ መበየጃ አይጥፋ።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። ጓደኞችህ የሚከራከሩት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ፒክአፕ ማለት ማግኔትና ዙሪያውን በሺህ ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጠዋል፤ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ብሪጁ አጠገብ ክሩ ብዙ አይወዛወዝም፤ ስለዚህ ከዚያ የሚወጣው ድምፅ ሹል፣ ጠራ ያለ፣ ጠርዝ ያለው ነው። ወደ አንገቱ ስትጠጋ ክሩ በሰፊው ይወዛወዛል፤ ድምፁም ወፍራምና ክብ ይሆናል። ባለ ሁለት ፒክአፕ ጊታር ሁለቱንም ይሰጥሃል፣ መሀል ላይ ደግሞ ቅልቅሉን። አንተ የምታጣው ወፍራሙንና ቅልቅሉን ነው። ምንም አታጣም ብዬ አልዋሽህም።

ጥያቄው ያ የምታጣው ድምፅ በዚህ ባንድ ውስጥ ያስፈልግሃል ወይ ነው። ባንዱ ኪቦርድ፣ ሳክስ፣ ቤዝና ድራም አለው ብለሃል። ወፍራሙን ቦታ ኪቦርዱና ቤዙ ይዘውታል፤ መሀሉን ሳክሱ ሞልቶታል። ለጊታር የቀረችው ከላይ ያለችው ጠባብ ቦታ ናት። ጭክቸካ ሲመታ ከድራሙ ጋር ተጣብቀህ የምትቆርጣት ኮርድ እዚያች ቦታ ላይ ጥርት ብላ መሰማት አለባት። በአንገት ፒክአፕ ብትመታት ከኪቦርዱ ጋር ትደባለቅና ትጠፋለች፤ ሰውንድ ማኑም ጭቃ ሆነ ብሎ ድምፅህን ዝቅ ያደርገዋል። በካሴት ዘመን የተቀዱትን የሮሃ ባንድ ሥራዎች አውጥተህ የሰላም ስዩምን ጊታር ብቻ ለይተህ ስማ። በምን ጊታር እንደተጫወተ እርሳው። ከኪቦርዱና ከነፋስ መሣሪያዎቹ መሀል የት ገብቶ የት ዝም እንደሚል ብቻ ቁጠር። ከእኔ ምክር የተሻለ ትምህርት እዚያ አለ።

የክራር አመታት ስታስመስልም የብሪጁ ድምፅ ያግዝሃል፣ ሹልነቱ ይመሳሰላል። የማሲንቆን ረጅም ልቅሶ ማስመሰል ስትፈልግ ግን ትቸገራለህ። እዚያ እጅህ መሥራት አለበት።

ለጓደኞችህም ይህን ንገራቸው። የጊታር አምራቹ ፌንደር በ1950 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤስኳየር ባለ አንድ ፒክአፕ ሆኖ ነው የሚታወቀው። ሌላው አምራች ጊብሰን በ1954 ሌስ ፖል ጁኒየርን ሲያወጣ ለጀማሪ ይሆናል ብሎ በርካሽ የሠራው ነበር፤ ብሪጁ ላይ አንድ ፒ 90፣ አንድ ቮሊዩም፣ አንድ ቶን (የድምፁን ሹልነት ማስተካከያ)፣ አለቀ። ያ የጀማሪ ጊታር ዛሬ የሮክ ባንዱ የግሪን ዴይ ቢሊ ጆ አርምስትሮንግ በትልልቅ ስታዲየሞች ይዞት የሚወጣ ነው። የሮክ ጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን በ1978 በወጣው የባንዱ የመጀመሪያ አልበም ዓለምን ያስደነገጠው ከተለያየ ክፍል ራሱ በገጣጠመው ጊታር ነው፤ የሚሠራው ፒክአፕ አንድ፣ ማዞሪያውም አንድ ቮሊዩም ብቻ ነበር። የጃዝ ጊታሪስቱ ቻርሊ ክርስቲያንም በ1930ዎቹ መጨረሻ ጊታርን ከጃዝ ኦርኬስትራ ፊት ያወጣው ኢኤስ 150 በሚባል ባለ አንድ ፒክአፕ የጊብሰን ጊታር ነው።

የቻርሊ ክርስቲያን ፒክአፕ ግን አንገቱ አጠገብ ነበር። ልብ በልልኝ። እሱ የፈለገው ከሳክስ ጎን የሚቆም ወፍራም ነጠላ ዜማ ነበር። ባለ አንድ ፒክአፕ ስትገዛ የምትመርጠው ቦታ ነው ማለት ነው፤ አንዴ ከመረጥክ ደግሞ ሐሳብህን በስዊች መቀየር አትችልም።

ስለዚህ ጊታሩ ከመገዛቱ በፊት ለባንዱ መሪ ደውልለትና ሁለት ነገር ጠይቀው። ጊታር እኔ ብቻ ነኝ ወይስ ሌላም አለ? ኪቦርዱ የሚቀርበት ማታ ይኖራል? እንደሚኖር ከነገረህ፣ ለምሳሌ እሮብ እሮብ ጊታር፣ ቤዝና ድራም ብቻ ሆናችሁ ለእራት እንግዳ በለስላሳው የምትጫወቱ ከሆነ፣ ምክሬ ይገለበጣል። ያኔ ወፍራሙን ድምፅ የሚሸከም ሌላ ሰው የለም። በሹል ድምፅ ሦስት ሰዓት ሙሉ እራት የሚበላ ሰው ጆሮ ላይ መጫወት አይቻልም፤ አስተናጋጁ መጥቶ ቀንስ ይልሃል። እንዲያ ከሆነ ገንዘብ ጨምረህ ደህና ባለ ሁለት ፈልግ፣ ያንን መቃኛው የላላውን ግን አይደለም። የስቱዲዮ ቀረጻም እንደዚሁ ነው። አቀናባሪው ሞቅ ያለ ድምፅ ስጠኝ ሲልህ የለኝም አይባልም። ለዚያ ለዚያ ግን ጊታር መዋስ ይቻላል፤ ሁላችንም ስንዋዋስ ነው የኖርነው።

እኔን በእውነት የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ፒ 90 አንድ ጥቅል ብቻ ስላለው ከመብራት መስመሩ የሚመጣውን «እምምም» የሚል ድምፅ ይቀበላል። ሃምባከር የሚባለው ፒክአፕ ግን በተቃራኒ የተጠመጠሙ ሁለት ጥቅሎች ስላሉት አንዱ የሌላውን ያጠፋዋል። በብዙ ባለ ሁለት ፒክአፕ ጊታሮች ላይም ስዊቹን መሀል ስታደርገው እንደዚያው ይጠፋል። አንተ ያ መሀል የለህም። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ፣ የዲስኮ መብራቱም ሲጨመርበት፣ ፒ 90 እንደ ንብ ቀፎ ነው።

መላ ግን አለው። ዘፈን ባለቀ ቁጥር ቮሊዩምህን ዝጋ፣ ልማድ ይሁንህ። መድረኩ ላይ ቀስ ብለህ ሰውነትህን አዙር፤ የሆነ አቅጣጫ ላይ ድምፁ ቀነስ ይላል፣ እዚያ ቁም። ማይኩ ከንፈርህን ከነዘረህ ደግሞ ችግሩ ከጊታርህ አይደለም፣ የቤቱ አርዝ (የመሬት መስመሩ) ነው። ያን ጊዜ መጫወት አቁምና ለኃላፊው ንገር፣ በዚህ አይቀለድም። ገንዘብ ስታገኝ እምምታውን የሚያጠፋ፣ በዚያው ቀዳዳ ልክ የሚገባ ፒ 90 መሰል ፒክአፕ አለ፤ ታስቀይረዋለህ።

ጊታሩ እስኪመጣ በእጅህ ያለውን የተውሶ ጊታር ተጠቀምበት። ስዊቹን ብሪጅ ላይ አድርገህ በፕላስተር ለጥፈው። ከዚያ አንዲት የትዝታ ሐረግ ምረጥና በአራት መንገድ ምታት። መጀመሪያ ሁሉን ከፍተህ ብሪጁ አጠገብ ምታ። ቀጥሎ ቶኑን እስከ ግማሽ ዝጋ። ሦስተኛው ላይ ቮሊዩሙን ወደ ስድስት አውርድ፤ አምፕህ (የድምፅ ማጉያህ) ትንሽ የሚጮኽ ከሆነ ድምፁ ሲጠራ ትሰማለህ። መጨረሻ ላይ ፒኩን (መምቻውን) ተወውና ፍሬቱ የሚያልቅበት አካባቢ በአውራ ጣትህ ሥጋ ምታት። በስልክህ ቅዳቸው። ለኪቦርድ ተጫዋቹ ሳትነግረው አሰማውና ስንት ፒክአፕ ነው ብለህ ጠይቀው። ሁለት ካለህ ጓደኞችህን ሻይ ማስከፈል ትችላለህ። አንድ ካለህ አትደንግጥ፣ ገና ሳምንትህ ነው።

ስለ ቀን ሥራህ አልጠየቅኸኝም፣ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ገንዘብ ያዥነቱን አሁን አትልቀቅ። በሳምንት አራት ማታ ተጫውቶ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሮ መግባት ያደክማል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም የክለብ ክፍያ በጾም ወቅት ምን እንደሚመስል ራስህ ሳታየው መወሰን የለብህም። ቢያንስ አንድ ዐቢይ ጾም አሳልፍበት። እስከዚያ ከማታው የምታገኘውን በደብተር መዝግብ፣ ሙያህም አይደል።

ለአክስትህ ልጅ ደግሞ ንገራት። ጊታሩን ከጠንካራ ኬዙ ጋር ትግዛው፣ በጨርቅ ቦርሳ እንዳትልከው። ከመነሳቷ በፊት ክሮቹን ትንሽ ታላላቸው። ኪሱ ውስጥ 10 ቁጥር ክር አምስት እሽግ ትጨምርልህ።