ውሉን ሳታነብ አትፈርም

ባለፈው ሳምንት አንድ ሯጭ ልጅ ከክለቡ ጋር የተፈራረመውን ውል ይዞ ቢሮዬ መጣ። «አንብበኸዋል?» አልኩት። ሳቀና «ማንበብ የእናንተ የጠበቆች ሥራ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። ይህን የምጽፈው ለእሱና ለመሰሎቹ ነው።

ናንሲ ሆግስሄድ የምትባል፣ ኋላ ራሷ ጠበቃ የሆነች አሜሪካዊት ዋናተኛ አለች። እ.ኤ.አ. በ1980 ለሞስኮ ኦሊምፒክ ስትዘጋጅ አገሯ አልሄድም ብላ ቀረች። እኛ ሄድን፤ ምሩጽ ይፍጠርም በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ይዞ ተመለሰ። በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ደግሞ የቀረነው እኛ ነን። መንግሥታት ሲኳረፉ የሚቀጣው ላቡን ያፈሰሰው ልጅ ነው!

ናንሲ ሎስ አንጀለስ ላይ ሦስት ወርቅና አንድ ብር አገኘች። በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ግን እሷና የአገሯ ልጅ ካሪ ስታይንሳይፈር እኩል 55.92 ሰከንድ ገቡ፤ ለሁለቱም ወርቅ ተሰጠ። ለምን አልተለዩም? እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። በ1972 ሙኒክ ላይ ስዊድናዊው ጉናር ላርሰን በ400 ሜትር ድብልቅ ቀዘፋ ቲም ማኪን የቀደመው በ0.002 ሰከንድ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ እስከ መቶኛ ብቻ እንዲነበብ ደንቡ ተለወጠ። የገንዳው መስመሮች ርዝመት ራሱ እስከዚያ ድረስ እኩል ሊሆን አይችልማ! በሺህኛ ከተለካ ያሸነፈው ዋናተኛው ይሁን አጠር ያለው መስመር በምን ይታወቃል? መሣሪያው ሊያውቅ የማይችለውን አታስመስክረው እንደማለት ነው። እኔ በማስረጃ ሕግ ትምህርት ያልገባኝ ነገር የገባኝ ከዚህ ገንዳ ነው።

ናንሲ ወርቋን ካጠለቀች ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ ከጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች። ገንዳውን ግን ትታው አልሄደችም። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ተደፍራ እንደነበር ራሷ በአደባባይ የተናገረች ሴት ናት፤ ጥብቅናዋም በስፖርት ውስጥ ለሴቶች እኩልነትና ለልጆች ደኅንነት ሆነ። በ2018 አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው፣ በሕፃናት ስፖርተኞች ላይ ወሲባዊ ጥቃት የጠረጠረ አሠልጣኝ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው ሕግ እንዲወጣ ከተሟገቱት አንዷ ነበረች። ገንዳ ዳር ምን እንደሚደረግ ከመጽሐፍ አልነበረም ያወቀችው።

ሯጩን ልጅ ዓርብ ቀጥሬዋለሁ። ውሉን እሱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኔ ቡናዬን እየጠጣሁ አዳምጣለሁ።